ከዛር ቤት እስከ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፦ የሙዚቃ ቀማሪው ሐሊም ኤል-ዳብ ሕይወትና ሥራ

በዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ 1963 ዓ.ም. በሁለት ክንውኖች ይታወሳል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው አሸናፊ ከበደ የብሔራዊ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱን በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት መምራት መጀመራቸው ነው፤ ትምህርት ቤቱ ኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም ተሰይሟል። ሁለተኛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለው የባህል መሣሪያዎች ቡድን መመሥረቱ ነው። የመጀመሪያው መሥራች በስፋት ተጽፎላቸዋል። የሁለተኛው መሥራች ግን በአገራችን ጽሑፎች ውስጥ አንድ ግብፃዊ የሙዚቃ መምህር ተብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። እኚሁ ሰው በሌላው ዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች የማይጠፉ ናቸው። በዚያ በኩል ያሉ ጸሐፊዎች ደግሞ የአዲስ አበባውን ሁለት ዓመት እንደ ማረፊያ ቆጥረው ያልፉታል። ሁለቱ ወገኖች የሚተርኩት ሕይወት አንድ ነው፤ ሥራውም አንድ መሆኑን የሕይወት ታሪካቸው ራሱ ያሳያል።

ሐሊም ኤል-ዳብ መጋቢት 4 ቀን 1921 በካይሮ ከተማ ከኮፕት ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለዱ። የቤተሰቡ የትውልድ ሥር በላይኛው ግብፅ ነበር። በ1932፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ታላቅ ወንድማቸው በካይሮ ወደ ተካሄደው የዓረብ ሙዚቃ ጉባኤ ይዘዋቸው ሄዱ። ጉባኤው ከሞሮኮ እስከ ኢራቅ ያሉ የሙዚቃ ቡድኖችን ያሰባሰበ ሲሆን፣ ከአውሮፓ ደግሞ ቤላ ባርቶክና ፓውል ሂንደሚት ተገኝተውበታል። በጉባኤው ላይ በርካታ ዜማዎች ለሸክላ ተቀርጸዋል። አንድ ሕፃን ከዚያ ስብሰባ ምን ይዞ ሊወጣ እንደሚችል ማጋነን ተገቢ አይደለም። ሆኖም የሕዝብ ሙዚቃ በመሣሪያ ተቀርጾ ከባለቤቱ ተለይቶ ሊጓዝ የሚችል ነገር መሆኑን በዚያ ዕድሜ ማየት ቀላል ትምህርት አይደለም።

ወላጆችና ዘመኑ የሚፈልጉት ግን ሙዚቀኛ አልነበረም። ኤል-ዳብ በያኔው የፉአድ ቀዳማዊ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምህንድስና አጥንተው በ1945 ተመረቁ። የግብርናው ሙያ ወደ ገጠር መንደሮች ስለወሰዳቸው የሰርግ፣ የለቅሶና የአዝመራ ዜማዎችን በቅርብ ለመስማት ዕድል ሰጣቸው። ፒያኖና ከበሮ ይጫወቱ ነበር፤ የመንደሩን ዜማ ግን በፒያኖ ለማስመሰል አልተጣደፉም። ቀድሞ የሳባቸው ድምፁ ራሱ፣ ማለትም ጉሮሮው፣ ቆዳው፣ ግድግዳው የሚመልሰው ማሚቶ ነበር።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የተሠራው ከመመረቃቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው። በ1944 ከባልደረባቸው ጋር በመሆን ከአንድ የካይሮ ራዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ የሚቀርጽ የድምፅ መቅጃ ተውሰው ወደ አንድ የዛር ሥነ ሥርዓት ሄዱ። መቅጃው ከባድና ለመሸከም የማይመች ነበር። ቀጭን የብረት ሽቦ በማግኔት አጠገብ እያለፈ ድምፁን ይይዛል፤ ሽቦው ከተበጠሰ እንደ ክር ተቋጥሮ ይቀጠላል። ካሴት የሚባለው ነገር ገና አልነበረም።

ዛር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። አጥኚዎች በአብዛኛው እንደሚስማሙት የዛር ሥርዓት ወደ ግብፅ የደረሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በሱዳን በኩል ነው፤ ይዘውት ከሄዱትም መካከል በባርነት የተጋዙ ሴቶች ይገኙበታል። የቃሉን ምንጭ ከጥንታዊ የኩሽ ሕዝቦች የሰማይ አምላክ ስም ጋር ያያያዙ ሊቃውንትም አሉ። በጎንደር የነበረውን ሥርዓት ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ተቀምጦ አጥንቶታል፤ ያ ዓመት የካይሮው ጉባኤ የተካሄደበት ዓመት ነው። በግብፅም ቢሆን ሥርዓቱ በዋነኛነት የሴቶች ነበር። ዛር የሰፈረባት ሴት በከበሮና በዝማሬ ትታከማለች፤ ዝማሬው ዛሩ የሚፈልገውን ምት እስኪያገኝ ይቀያየራል። እንግዲህ ሁለቱ ወጣቶች በሽቦ የያዙት ድምፅ መነሻው ወደ ደቡብ፣ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚዘልቅ ነበር። ኤል-ዳብ ኢትዮጵያን በእግራቸው ከመርገጣቸው 18 ዓመት አስቀድሞ በጆሮ አግኝተዋታል ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የተደረገው ነገር ከተለመደው የፎክሎር ቀረጻ የሚለይ ነው። ኤል-ዳብ የተቀረጸውን ወደ ራዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ መለሱት። ስቱዲዮው የሚንቀሳቀሱ ግድግዳዎች ስለነበሩት የክፍሉን ማሚቶ ማሳጠርና ማስረዘም ይቻል ነበር። ድምፁን በዚያ ክፍል ውስጥ እያጫወቱ እንደገና ቀረጹት፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉን እየቀያየሩ፣ የዋናውን ድምፅ ጎላ ያለ ክፍል እየቀነሱ፣ ከበላዩ የሚንሳፈፉትን ቀጫጭን ተከታይ ድምፆች ብቻ አስቀሩ። በውጤቱ ቃሉ አይለይም፤ ዘማሪዋም አትለይም። የሚሰማው ከሩቅ እንደሚመጣ ጭጋጋማ የድምፅ ማዕበል ነው። ሥራውን የዛር መግለጫ የሚል ትርጉም ባለው የዓረብኛ ርዕስ ሰይመው በዚያው ዓመት በካይሮ ለሕዝብ አሰሙት።

ፈረንሳዊው ፒየር ሼፌር ከባቡር ድምፆች የቀመረውንና የተቀረጸ ድምፅ ሙዚቃ መነሻ ተደርጎ ሲጠቀስ የኖረውን ሥራ ያቀረበው በ1948 ነው። ስለዚህ ኤል-ዳብ በአራት ዓመት ይቀድማሉ። ይህ ቅድሚያ በቅርብ ዓመታት ብዙ ተነግሮለታል፤ አንዳንዴም ከመጠን በላይ። በሸክላ ማጫወቻ ድምፅን የመለወጥ ሙከራ በ1930 በበርሊን በሂንደሚትና በኤርንስት ቶክ፣ በ1939 ደግሞ በአሜሪካ በጆን ኬጅ ተደርጓል። የኤል-ዳብ ልዩነት ማንም ሳይቀድማቸው መነሣታቸው ላይ ብቻ ሊመሠረት አይገባም። በማግኔት ሽቦ የተያዘ ሕያው ሥርዓትን ወስደው እንደ ጥሬ ዕቃ መሥራታቸው፣ ጥሬ ዕቃውም የባቡር ፊሽካ ሳይሆን የሰዎች ልመና መሆኑ የበለጠ ክብደት አለው። በዚህ በኩል ሥራው ደፋር የሆነውን ያህል አስጨናቂም ነው። ሥርዓቱ ለሕመምተኛዋ የተደረገ ነበር፤ ስቱዲዮው ውስጥ የቀረው ግን ያለ እሷ ነው። የቀማሪው ስም ሲታወቅ የዘማሪዎቹ ስም አልተመዘገበም።

ከጦርነቱ በኋላ የኤል-ዳብ ሕይወት በፍጥነት ተቀየረ። በ1949 በካይሮ ባቀረቡት የፒያኖ ሥራ ታዋቂነትን አገኙ፤ በ1950 በፉልብራይት የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በኒው ሜክሲኮ ከኤርንስት ክሬኔክ፣ በታንግልዉድ ከአሮን ኮፕላንድ፣ በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ከኧርቪንግ ፋይን ጋር ተማሩ። በ1958 ለዳንስ ባለሙያዋ ለማርታ ግራሃም ክላይተምነስትራ የተባለውን ትልቅ የመድረክ ሥራ ሙዚቃ ጻፉ፤ ይህ በኒው ዮርክ የጥበብ ዓለም ውስጥ ቦታ አስገኘላቸው። በ1959 በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ተጋብዘው ሠሩ። በማዕከሉ የነበሩ ብዙዎች ሙዚቃን እንደ ሒሳብ ቀመር ሲያሰሉት፣ ኤል-ዳብ በዓረብ ዓለም ከሚታወቀው የለይላና የፍቅረኛዋ ታሪክ በመነሣት የሰው ድምፅ፣ ዋሽንትና ከበሮ ከማሽን ድምፅ ጋር የሚነጋገሩበትን ለይላና ገጣሚው የተባለ ሥራ ሠሩ። ሥራው በ1964 በሸክላ ታትሞ ለወጣት ቀማሪዎች ደረሰ። በ1961 የአሜሪካ ዜግነት አገኙ፤ በዚያው ዓመት በጊዛ ፒራሚዶች የሚቀርበው የብርሃንና የድምፅ ትርኢት በእሳቸው ሙዚቃ ተከፈተ።

ወደ አዲስ አበባ የመጡት በዚህ ዝና መካከል፣ በ1962 ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስያሜ ከተቋቋመ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ወቅቱ ለአንድ ግብፃዊ ኮፕትም ልዩ ትርጉም ነበረው። ለብዙ ምዕተ ዓመታት ጳጳሳቷን ከእስክንድርያ ስታስመጣ የኖረችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1959 ነበር። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚችው ከተማ ተመሠረተ። አፍሪካዊ የሆነ ዘመናዊ ጥበብ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ በመንገድ ላይ የሚነሣ ጥያቄ ነበር።

በከተማው ለዚህ ጥያቄ ቀድሞ የተሰጠው መልስ የናስ መሣሪያ ነው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች የአገር ዜማን በትራምፔትና በሳክስፎን ያቀርቡ ነበር። አሸናፊ ከበደ የሚመሩት ትምህርት ቤት ተማሪው የምዕራቡን የሙዚቃ ጽሕፈትና መሣሪያ ተምሮ የራሱን ዜማ እንዲያሳድግ ታስቦ የተቋቋመ ነበር። ኤል-ዳብ በዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ጥበባት ማዕከል የጀመሩት ግን ሌላ ነው፦ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከት፣ ከበሮና ከጋምቤላ በኩል የመጣውን በጣት የሚመታ ቶም በአንድ መድረክ ላይ አንድ ላይ ማሰማት። ቡድኑ እስከ 30 የሚደርሱ ተጫዋቾች ነበሩት፤ የመጡትም ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ነው።

ዛሬ በየሆቴሉ የባህል ቡድን ክራርና መሰንቆን ጎን ለጎን ለሚያይ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይመስልም። በጊዜው ግን ሁለት ዓይነት ግድግዳ ማፍረስ ነበረበት። የመጀመሪያው የድምፅ ግድግዳ ነው። መሰንቆ አንድ ጅማት ስላለው ተጫዋቹ በጣቱ የፈለገውን ከፍታ ያገኛል። ክራር ደግሞ ለተመረጠው ቅኝት፣ ለትዝታ ወይም ለባቲ፣ አስቀድሞ ይቃኛል፤ ቅኝቱ ሲቀየር አውታሮቹ እንደገና ይወጠራሉ ወይም ይላላሉ። ዋሽንት ከተበሳ በኋላ ስለማይለወጥ ዋሽንተኛው በተለያየ ርዝመት የተሠሩ በርካታ ዋሽንቶች ይይዛል። እምቢልታ ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ እምቢልታ ጥቂት ድምፆችን ብቻ ስለሚሰጥ ዜማ የሚወጣው ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት ለየራሳቸው ሰው ጉሮሮና ለየራሳቸው ቦታ እንጂ አንድ ወጥ በሆነ የድምፅ ልክ ላይ ለመስማማት አይደለም። እንዲስማሙ ማድረግ ወር የሚፈጅ ልምምድና ብዙ መቻቻል ይጠይቃል።

ሁለተኛው ግድግዳ ከመጀመሪያው የጠነከረ ነበር፤ የማዕረግ ግድግዳ ነው። በገና የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ የሚደረድሩትም ለንስሐና ለምስጋና ነው። መለከትና እምቢልታ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ክብር ማወጃዎች ነበሩ። መሰንቆ ደግሞ የአዝማሪ ነው፤ አዝማሪ በጠጅ ቤትና በሰርግ ቢፈለግም ቃሉ እንደ ስድብ የሚነገርበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። እነዚህን በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ ባለ በገናውንና አዝማሪውን እኩል የዩኒቨርሲቲ እንግዳ ማድረግ ነው። ኤል-ዳብ በኒው ዮርክ ከሠሩት ማናቸውም የማሽን ሙከራ ይልቅ ይህ የመቀመጫ አደረጃጀት ከፍ ያለ ሙከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የካይሮው ሽቦና የአዲስ አበባው ቡድን የሚገናኙት በዚህ ነው። በሁለቱም ቦታ አንድ ድምፅ ከተወለደበት ቤት ወጥቶ ሌላ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ በሁለቱም ክፍሉ ድምፁን ይለውጠዋል። የሚለያዩትም በዚሁ ነው። በካይሮ ድምፁ ሲወጣ ባለቤቱ ከኋላ ቀረች። በአዲስ አበባ ባለቤቱ አብሮ ወጣ። እንደ መሰንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበና እንደ ዋሽንት ተጫዋቹ ዮሐንስ አፈወርቅ ያሉ ባለሙያዎች በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በኩል በስማቸው የሚታወቁ አርቲስቶች ሆኑ። ሥራው በተጫዋቾቹ እጅ ስለነበረም መሥራቹ ሲሄዱ አልሞተም።

ኤል-ዳብ የሄዱት በ1964 ነው። ቡድኑን አሜሪካዊው የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ጆን ኮ፣ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ መሩት። ተስፋዬ በመሣሪያዎቹ ላይ ዘፈንን፣ ቀልድንና የመድረክ ትረካን ጨምረው ቡድኑን ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ሰፊው ሕዝብ ያወጡት ሰው ናቸው። መሰንቆ የተማረው አሜሪካዊ ቻርልስ ሰተን ባመቻቸው ጉዞ ቡድኑ በ1969 በአሜሪካ ተዘዋውሮ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ታየ። በ1975 ተበተነ። ከቀረጻዎቹ የተወሰኑት ኢትዮፒክስ በሚለው የሲዲ ተከታታይ 23ኛ ቁጥር ሆነው በ2007 ታትመዋል።

ስለ ቡድኑ ሲነገር የሚዘነጋ አንድ ጉድለት አለ። ቶም ከጋምቤላ ቢመጣም የቡድኑ አከርካሪ የደጋው ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት ነበር። የደቡብ ሕዝቦች ሙዚቃ ትልቁ ክፍል በመሣሪያ ሳይሆን በብዙ ጉሮሮ የሚሠራ ነው። የጋሞ ዶርዜዎች በርካታ ዜማዎችን በአንድ ጊዜ የሚያደራርቡበት ዝማሬ በበርናር ሎርታ-ዣኮብ ተቀርጾ በ1970ዎቹ በፈረንሳይ ሲታተም የአውሮፓ አድማጮችን አስደንቋል። በጌዴኦም የሥራና የበዓል ዜማ የሚኖረው በጋራ ዝማሬ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሙዚቃ መሣሪያዎች ተደርድረው በሚቀመጡበት መድረክ ላይ ማስገባት አስቸጋሪ ነው፤ መድረኩ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ ስለሆነ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዛፉ፣ እንሰቱ፣ ቡናውና ትክል ድንጋዩ ስማቸው ተጠርቷል። በዚያ መልክዓ ምድር ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ግን በዲላና በይርጋጨፌ ዙሪያ በሚሠሩ ተመራማሪዎች እጅ ላይ ነው። በስልክ የሚቀርጽ የማስተርስ ተማሪ ዛሬ በኪሱ የያዘው መሣሪያ ኤል-ዳብ ከራዲዮ ጣቢያ ከተዋሱት እጅግ የላቀ ነው፤ የዘማሪዋን ስምና ፈቃድ በመዝገቡ ላይ ማስፈር አለማስፈሩ ግን የመሣሪያ ጉዳይ አይደለም።

ኤል-ዳብ ከኢትዮጵያ በኋላ ከ1966 እስከ 1969 በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1969 ጀምሮ በኦሃዮ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ኬንት በደረሱ በዓመቱ፣ ግንቦት 4 ቀን 1970፣ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች የቬትናም ጦርነትን በሚቃወሙ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው አራቱን ገደሉ። ኤል-ዳብ በ1971 ያቀረቡት ኦፔራ በዚህ ግድያ ላይ የተመሠረተ ነበር። በ1991 ጡረታ ወጡ፤ የአፍሪካን ሙዚቃ ማስተማራቸውን ግን ወዲያው አላቋረጡም። የ1944ቱ ሥራ ቁራጭ በሲዲ ታትሞ ለሰፊው አድማጭ የደረሰው ከጡረታቸው በኋላ፣ በአዲሱ ምዕተ ዓመት መባቻ ነው፤ ርዝመቱም ሁለት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የሚተርክ የዴኒዝ ሲክሪስት መጽሐፍ በ2003 ታተመ።

መስከረም 2 ቀን 2017 በ96 ዓመታቸው በኬንት ከተማ አረፉ።